ሩት ፋይል ሲስተሙን ተነባቢ ብቻ ካደረግሁ በኋላ ቡት ላይ የሚወድቁ ሰርቪሶች (ራስፕበሪ ፓይ 4፣ ዴቢያን 12)

ጥያቄ፦ የንባብ ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የመማሪያ መጻሕፍትን በራሱ ዋይፋይ ለተማሪዎች ስልክ የሚያቀርብ ራስፕበሪ ፓይ 4 አለን። የሚሠራው በዴቢያን 12 ላይ በተመሠረተው ራስፕበሪ ፓይ ኦኤስ ሲሆን፣ መጻሕፍቱን የሚያቀርበው ኢንጂንኤክስ፣ ለስልኮቹ የአይፒ አድራሻ የሚያድለው ደግሞ ዲኤንኤስማስክ ነው። የመብራቱን ነገር ታውቁታላችሁ፤ መሣሪያው በሥርዓት ሳይዘጋ ድንገት ስለሚጠፋ የኤስዲ ካርዱ ፋይል ሲስተም በተደጋጋሚ እየተበላሸ ተማሪዎቹ ያለ አገልግሎት የሚውሉበት ቀን በዛ። ስለዚህ ሩት ፋይል ሲስተሙን (ሥርዓቱ ራሱ ያለበትን ዋና ክፍል) ተነባቢ ብቻ ለማድረግ ወሰንኩ፤ ቡት ላይ የሚያያዙት ፋይል ሲስተሞች በሚዘረዘሩበት በ/ኢቲሲ/ኤፍኤስታብ የሩቱን አማራጭ «ዲፎልትስ,አርኦ» ብዬ ቀየርኩ፣ ስዋፑን አጠፋሁ፣ /ቴምፕንም በቴምፕኤፍኤስ (ራም ላይ ብቻ በሚኖር ፋይል ሲስተም) ላይ አደረግሁ።

መሣሪያው ይነሣል፣ በኤስኤስኤችም (ከሌላ ኮምፒውተር በኔትወርክ) እገባለሁ፤ ነገር ግን «ሲስተምሲቲኤል --ፌይልድ» ስል ዋና የምፈልጋቸው ሰርቪሶች ወድቀው አገኛቸዋለሁ። የጆርናሉ (የሥርዓቱ ሎግ) መልእክት የሚከተለውን ይመስላል፦

ኢንጂንኤክስ፦ ኦፕን() "/ቫር/ሎግ/ኢንጂንኤክስ/ኤረር.ሎግ" ፌይልድ (30: ሪድ-ኦንሊ ፋይል ሲስተም)
ዲኤንኤስማስክ፦ ካኖት ኦፕን ኦር ክሪኤት ሊስ ፋይል /ቫር/ሊብ/ሚስክ/ዲኤንኤስማስክ.ሊስስ: ሪድ-ኦንሊ ፋይል ሲስተም

ችግሩ /ቫር ላይ መጻፍ ስላልተቻለ መሆኑ ግልጽ ስለ ነበር /ቫርን ሙሉ በሙሉ በቴምፕኤፍኤስ ሸፈንኩት። በዚህ ጊዜ ኢንጂንኤክስ እንደገና ወደቀ፤ የስሕተቱ ቁጥር ግን ከ30 ወደ 2 ተለወጠ፣ ማለትም «ኖ ሳች ፋይል ኦር ዳይሬክተሪ» ይላል። ይባስ ብሎ «ዲፒኬጂ -ኤል» ስል የተጫኑት ፓኬጆች ዝርዝር ባዶ ሆኖ ይታያል። የሚጎድሉትን ማውጫዎች የሚፈጥር አጭር ስክሪፕት ቡት ላይ በሚሠራው በአርሲ.ሎካል ውስጥ አስገባሁ፤ ከዚያ ወዲህ ኢንጂንኤክስ አንዳንድ ጊዜ ይነሣል፣ አንዳንድ ጊዜ አይነሣም፤ ከቡት በኋላ በእጄ ሳስነሣው ግን አንድም ጊዜ እምቢ ብሎኝ አያውቅም።

ሁለት ተጨማሪ ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ መሣሪያው በተነሣ ቁጥር ሰዓቱ ተነባቢ ብቻ ወዳደረግሁበት ቀን ይመለሳል። ሁለተኛ፣ /ቫርን በቴምፕኤፍኤስ ከመሸፈኔ በፊት አሮጌ ሎጎችን የሚያዞረው ሎግሮቴት በቀን አንድ ጊዜ መሥራት ሲገባው የትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት ተገናኝቶ ሰዓቱ በተስተካከለ ቁጥር እየተነሣ ይወድቅ ነበር። በተጨማሪም የመጻሕፍት ውሰት የሚመዘገብበት አነስተኛ የኤስኪውላይት ዳታቤዝ በ/ቫር/ሊብ ሥር አለ፤ ይህ መጥፋት የለበትም። ሰርቪሶቹ ቡት ላይ ሳይወድቁ ሩቱን ተነባቢ ብቻ አድርጎ ለማቆየት ትክክለኛው መንገድ የትኛው ነው?


መልስ፦ ከርነል ወዳድ

ወደ ሰርቪሶቹ ከመሄድዎ በፊት ሩቱ ተነባቢ ብቻ የሆነው በእርስዎ ትእዛዝ እንጂ በከርነሉ ውሳኔ አለመሆኑን ያረጋግጡ። ኢኤክስቲ4 (የሩቱ የፋይል ሲስተም ዓይነት) በዲስኩ ላይ ብልሽት ሲያገኝ፣ «ኤረርስ=ሪማውንት-አርኦ» የሚለው አማራጭ ካለ፣ ጉዳቱ እንዳይባባስ ራሱን ወደ ተነባቢ ብቻ ይቀይራል፤ ከውጭ ሲታይ ሁለቱ ሁኔታዎች አንድ ይመስላሉ፤ ሰርቪሶቹም የሚሰጡት ያንኑ ስሕተት 30 ነው። ካርድዎ ከዚህ በፊት ተደጋግሞ የተበላሸ በመሆኑ ይህን ጥርጣሬ በዋዛ አልተወውም። «ጆርናልሲቲኤል -ኬ -ቢ» ብለው ኢኤክስቲ4 የሚለውን ቃል ይፈልጉ። «ሪማውንቲንግ ፋይልሲስተም ሪድ-ኦንሊ» የሚል መስመር ካገኙ ከዚህ በታች የሚነገርዎትን ምክር ሁሉ ወደ ጎን ትተው ካርዱን በሌላ ኮምፒውተር ላይ በኢ2ኤፍኤስሲኬ ያስመርምሩ፤ መጀመሪያ ግን ቅጂ ይውሰዱ።

ሌላም የሚፈትሹት መስመር አለ። ኢኤክስቲ4 ተነባቢ ብቻ ሆኖ ማውንት ሲደረግም (ከሥርዓቱ ጋር ሲያያዝም) እንኳ የራሱ ጆርናል (ለውጦችን አስቀድሞ የሚያሰፍርበት መዝገብ) ሳይጠናቀቅ ከተገኘ መልሶ ለማጫወት ወደ ዲስኩ ይጽፋል፤ ከርነሉም «ሪከቨሪ ሪኳየርድ ኦን ሪድኦንሊ ፋይልሲስተም» ብሎ ያስታውቃል። ይህ ከለውጡ በኋላ በመጀመሪያው ቡት ላይ ቢታይ አያስገርምም። በየቡቱ የሚታይ ከሆነ ግን አንድ ነገር ሩቱን በመሃል ተጻፊ እያደረገው ነው ማለት ነው፤ ያንን ሳያገኙ መቀጠል የለብዎትም።


መልስ፦ ባለ ተርሚናል

የጠየቁት ነገር መልሱ በራሱ በስሕተቱ ቁጥር ውስጥ ስላለ ከዚያ እነሣለሁ። ቁጥር 30 ማለት ቦታው አለ፣ መጻፍ ግን ተከልክሏል ማለት ነው። ቁጥር 2 ማለት መጻፍ ይቻላል፣ ቦታው ግን የለም ማለት ነው። /ቫርን በባዶ ቴምፕኤፍኤስ በሸፈኑ ጊዜ የመጀመሪያውን ችግር ፈትተው ሁለተኛውን ፈጠሩ፤ ምክንያቱም /ቫር/ሎግ/ኢንጂንኤክስ የሚባለውን ማውጫ የፈጠረው ፓኬጁ ሲጫን ዲፒኬጂ ነው፤ ኢንጂንኤክስ ራሱ የሎግ ፋይሉን እንጂ ፋይሉ የሚቀመጥበትን ማውጫ አይፈጥርም። የፓኬጆቹ ዝርዝር ባዶ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። የዲፒኬጂ መዝገብ የሚገኘው በ/ቫር/ሊብ/ዲፒኬጂ ሥር ስለሆነ ቴምፕኤፍኤሱ ከላይ ሸፈነው እንጂ አልጠፋም፤ ሽፋኑ ሲነሣ ተመልሶ ይታያል። እስከዚያው ድረስ ግን በአፕት ምንም ነገር እንዳይጭኑ አደራ እላለሁ፤ ሥርዓቱ ምንም ያልተጫነበት ስለሚመስለው የማይጠበቅ ነገር ሊያደርግ ይችላል።

ስለዚህ /ቫርን በሙሉ መሸፈኑን ይተዉትና መጻፍ የሚያስፈልጋቸውን ማውጫዎች ብቻ ለይተው ይሸፍኑ። በእርስዎ ሁኔታ ሦስት ናቸው፤ በኤፍኤስታብ እንዲህ ይጻፋሉ፦

ቴምፕኤፍኤስ /ቫር/ሎግ ቴምፕኤፍኤስ ሞድ=0755,ኖሱይድ,ኖዴቭ,ሳይዝ=32ኤም 0 0
ቴምፕኤፍኤስ /ቫር/ቴምፕ ቴምፕኤፍኤስ ሞድ=1777,ኖሱይድ,ኖዴቭ,ሳይዝ=32ኤም 0 0
ቴምፕኤፍኤስ /ቫር/ሊብ/ኢንጂንኤክስ ቴምፕኤፍኤስ ሞድ=0755,ኖሱይድ,ኖዴቭ,ሳይዝ=64ኤም 0 0

ሦስተኛውን መስመር ያስገባሁት ኢንጂንኤክስ ከተጠቃሚ የሚቀበለው ፋይል ትልቅ ሲሆን በ/ቫር/ሊብ/ኢንጂንኤክስ/ቦዲ ሥር ለጊዜው ስለሚያስቀምጠው ነው። ይህ ቦታ ተነባቢ ብቻ ቢሆን ሰርቪሱ ቡት ላይ አይወድቅም፤ አንድ መምህር ፋይል ለመጫን ሲሞክር ግን ስሕተት 500 ይመጣበታል፤ እንዲህ ያለው ዘግይቶ የሚገለጥ ችግር ደግሞ ቡት ላይ ከሚታየው ይልቅ አድካሚ ነው። የሳይዝ ገደቡን እንዳይረሱት፤ ገደብ ያልተሰጠው ቴምፕኤፍኤስ እስከ ራሙ ግማሽ ድረስ ሊያድግ ይችላል፤ ሦስት ያልተገደቡ ቴምፕኤፍኤሶች ደግሞ ተደምረው ከራሙ በላይ ይሆናሉ።

አሁን ወደ አርሲ.ሎካል ልምጣ፤ አንዳንድ ጊዜ የሚሠራው፣ አንዳንድ ጊዜ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው። አርሲ.ሎካልን የሚያስነሣው ሰርቪስና ኢንጂንኤክስ በመካከላቸው የቅደም ተከተል ውል የላቸውም። ሰርቪሶችን የሚያስነሣው ሲስተምዲ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያስነሣቸዋል፤ ስክሪፕትዎ ቀድሞ ማውጫውን ከፈጠረ ኢንጂንኤክስ ይነሣል፣ ኢንጂንኤክስ ከቀደመ ይወድቃል። ከቡት በኋላ በእጅዎ ሲያስነሡት ማውጫው አስቀድሞ ስላለ ሁልጊዜ ይሳካል። «ስሊፕ 5» የሚል ማዘግያ ኢንጂንኤክስ ላይ በመጨመር ይህን ለማለፍ የሚሞክሩ ሰዎች አይቻለሁ፤ ካርዱ ትንሽ ሲዘገይ ችግሩ ተመልሶ ይመጣል፣ በዚያ ላይ መንስኤው ተሸፍኖ ስለሚቀር ቀጥሎ የሚመጣው ቴክኒሻን ይደናገራል።

ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው ሲስተምዲ-ቴምፕፋይልስ ነው። በኤፍኤስታብ ያሉት ማውንቶች ከተጠናቀቁ በኋላ፣ ማንኛውም ተራ ሰርቪስ ከመነሣቱ በፊት ይሠራል፤ ይህ ቅደም ተከተል በሲስተምዲ ውስጥ የተደነገገ በመሆኑ በዕድል ላይ የሚመሠረት ነገር የለውም። በ/ኢቲሲ/ቴምፕፋይልስ.ዲ/ ሥር «ቤተመጻሕፍት.ኮንፍ» የሚል ፋይል ፈጥረው የሚከተለውን አንድ መስመር ያስገቡ፦

ዲ /ቫር/ሎግ/ኢንጂንኤክስ 0755 ሩት ኤዲኤም -

የመጀመሪያው ፊደል ማውጫ ፍጠር ማለት ነው፤ ቀጥሎ የሚመጡት ቦታው፣ ፈቃዱ፣ ባለቤቱና ቡድኑ ናቸው፤ የመጨረሻው ሰረዝ ደግሞ በዕድሜ ምክንያት ምንም እንዳይሰረዝ ያደርጋል። ለ/ቫር/ሊብ/ኢንጂንኤክስ መስመር አያስፈልግም፤ ማውጫው የማውንቱ ቦታ ራሱ ስለሆነ ይኖራል፣ በውስጡ ያሉትን ንዑስ ማውጫዎች ደግሞ ኢንጂንኤክስ ራሱ ይፈጥራል። ሩቱን ለጊዜው ለመክፈት «ማውንት -ኦ ሪማውንት,አርደብልዩ /» ይበሉ፤ ሲጨርሱ ሪቡት ከማድረግዎ በፊት «ፋይንድማውንት --ቬሪፋይ» ብለው የኤፍኤስታብን ትክክለኛነት ያስፈትሹ። በኤፍኤስታብ ውስጥ የተሳሳተ መስመር ያለበትን መሣሪያ ያለ ስክሪንና ያለ ኪቦርድ ማስነሣት ምን እንደሚመስል ለመገመት አያዳግትም።

ለዲኤንኤስማስክ ቴምፕኤፍኤስ አያስፈልግም። በኮንፊገሬሽኑ ውስጥ «ዲኤችሲፒ-ሊስፋይል=/ራን/ዲኤንኤስማስክ.ሊስስ» ይበሉ፤ /ራን አስቀድሞም ራም ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ሪቡት በተደረገ ቁጥር የአድራሻ መዝገቡ ይጠፋል፤ ነገር ግን ዲኤንኤስማስክ አድራሻ የሚመርጠው ከስልኩ የማክ አድራሻ በሚሰላ ሐሽ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ለዚያው ስልክ ያንኑ አድራሻ መልሶ ይሰጣል። «ዲኤችሲፒ-ኦቶሪቴቲቭ» የሚለውን መስመር ቢጨምሩበት መዝገቡ ሲጠፋ ስልኮቹ እንደ አዲስ ሳይጠይቁ መዝገቡን መልሶ ለመገንባት ያስችለዋል፤ በዚያ ኔትወርክ ላይ ሌላ አድራሻ አዳይ እስከሌለ ድረስ ጉዳት የለውም።

ሌሎች ሰርቪሶችም ሲወድቁ የመውጫ ቁጥራቸውን ቢመለከቱ ይረዳዎታል። 238 የሚል ካዩ ሲስተምዲ ራሱ በ/ቫር/ሊብ ሥር ለሰርቪሱ ማውጫ ሊፈጥር ሞክሮ አልተሳካለትም ማለት ነው፤ 240 ደግሞ ያው በ/ቫር/ሎግ ሥር ነው። 226 ብዙ ሰው የሚያደናግር ቁጥር ነው፤ ሰርቪሱ ከሌላው ሥርዓት ተለይቶ እንዲሠራ የሚደረግለት አጥር ሲዘጋጅ የተፈጠረ ስሕተት ሲሆን፣ እንደ እርስዎ ባለ ሁኔታ አዘውትሮ የሚመጣው በዩኒት ፋይሉ (ሰርቪሱ እንዴት እንደሚነሣ በሚገልጸው ፋይል) «ሪድራይትፓዝስ» ተብሎ የተጠቀሰው ማውጫ በቴምፕኤፍኤስ ተሸፍኖ ሲጠፋ ነው። እዚህ ላይ ፕሮግራሙ ራሱ ገና ስላልተነሣ በፕሮግራሙ ሎግ ውስጥ ምንም አያገኙም።


መልስ፦ ቀላሉ መንገድ

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ቢሆንም፣ ለአንድ የትምህርት ቤት መሣሪያ ይህን ሁሉ ሰርቪስ አንድ በአንድ መከታተል የሚያስፈልግ አይመስለኝም። በራስፒ-ኮንፊግ ውስጥ «ኦቨርሌይ ፋይል ሲስተም» የሚል ምርጫ አለ፤ ያንን ሲያበሩት ካርዱ ተነባቢ ብቻ ሆኖ ከሥር ይቀመጥና የሚጻፈው ሁሉ ራም ላይ ባለ የላይኛው ንብርብር ላይ ያርፋል። ሰርቪሶቹ መጻፍ የሚችሉ ስለሚመስላቸው አንዱም አይወድቅም፤ ቴምፕፋይልስም፣ የኤፍኤስታብ መስመርም አይጠይቅም። ኡቡንቱ ላይም «ኦቨርሌይሩት» የሚባለው ፓኬጅ ይህንኑ ይሠራል። ኦቨርሌይኤፍኤስ ከ2014 ጀምሮ፣ ማለትም ከከርነል 3.18 ወዲህ፣ በዋናው ከርነል ውስጥ ያለ የተፈተነ ነገር ነው።


መልስ፦ ባለ ተርሚናል

ኦቨርሌይን አልቃወምም፤ ምንም መረጃ መቆየት በማያስፈልገው፣ ለምሳሌ ማስታወቂያ ብቻ በሚያሳይ ስክሪን ላይ እኔም የምመርጠው እርሱን ነው። እዚህ ግን የውሰት መዝገብ አለ። በኦቨርሌይ ሥር ኤስኪውላይት መዝገቡን በትክክል የጻፈ ይመስለዋል፤ ቤተ መጻሕፍት ጠባቂዋም በስክሪኑ ላይ ያየችው ነገር ተመዝግቧል ብላ ትሄዳለች፤ መብራት ሲጠፋ የዕለቱ ውሰት ሁሉ ያለ ምንም የስሕተት መልእክት ይጠፋል። ሩቱ በግልጽ ተነባቢ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፕሮግራሙ መጻፍ አልቻልኩም ብሎ በመጀመሪያው ደቂቃ ይጮህ ነበር። እኔ የሚጮህ ስሕተት ዝም ከሚል ኪሳራ ይሻላል ባይ ነኝ። ሁለተኛው ምክንያቴ የላይኛው ንብርብር ራም መሆኑ ነው፤ አንድ ሎግ ሳይታሰብ ማደግ ቢጀምር የትኛው ማውጫ ራሙን እንደበላው ለማወቅ አስቸጋሪ ይሆናል፤ በተለየ ቴምፕኤፍኤስ ላይ ግን /ቫር/ሎግ ብቻውን ሞልቶ ይቆማል።

ለዳታቤዙ የሚሻለው መጻሕፍቱ በተቀመጡበት የዩኤስቢ ዲስክ ላይ የተለየ አነስተኛ የኢኤክስቲ4 ክፍልፋይ አዘጋጅቶ፣ ለምሳሌ በ/ኤስአርቪ/ውሰት ላይ ማውንት ማድረግ ነው። በኤስዲ ካርዱ ላይ ሁለተኛ ክፍልፋይ ከፍቶ እዚያ መጻፍን አልመክርም፤ የካርዱ ውስጣዊ ተቆጣጣሪ ስለ ክፍልፋዮች የሚያውቀው ነገር የለም፤ ለራሱ አሠራር ብሎ ብሎኮችን ሲያዘዋውር መብራት ቢቋረጥ ጉዳቱ ተነባቢ ብቻ ወዳሉት ብሎኮችም ሊሻገር ይችላል። ኤስኪውላይት በሚጽፍበት ጊዜ ከዳታቤዙ ጎን የራሱን የጆርናል ፋይል ስለሚፈጥር ፋይሉ ብቻ ሳይሆን ማውጫውም ተጻፊ መሆን አለበት፤ ፋይሉን ብቻ በሲምቦሊክ ሊንክ ለማለፍ አይሞክሩ።

በኤፍኤስታብ መስመሩ ላይ «ኖፌይል» እና «ኤክስ-ሲስተምዲ.ዲቫይስ-ታይምአውት=10ኤስ» የሚሉትን ይጨምሩ። እነዚህ ከሌሉ ዲስኩ ተነቅሎ በተገኘበት ቀን ሲስተምዲ 90 ሰከንድ ጠብቆ መላውን መሣሪያ ወደ ኢመርጀንሲ ሞድ ይከተዋል፤ በራስፕበሪ ፓይ ኦኤስ ላይ የሩት አካውንት የተቆለፈ ስለሚሆን ከዚያ ለመውጣት ካርዱን ነቅሎ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ኤፍኤስታብን ማረም ግድ ይላል። «ኖፌይል» ሲኖር ደግሞ የውሰት ፕሮግራሙ ያለ ዲስኩ እንዳይነሣ በዩኒቱ ላይ «ሪኳየርስማውንትስፎር=/ኤስአርቪ/ውሰት» የሚል ድሮፕ-ኢን (ተጨማሪ የዩኒት ቅንብር ፋይል) ያስገቡ፤ ይህ መስመር ሰርቪሱ ማውንቱን እንዲጠብቅም፣ ማውንቱ ካልተሳካ እንዳይነሣም ያደርጋል።


መልስ፦ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል

ስለ ሰዓቱና ስለ ሎግሮቴት የሚናገር ሰው ስላላየሁ ልጨምር፤ ሁለቱ ነገሮች ተያያዥ ናቸው።

ራስፕበሪ ፓይ 4 መብራት ሲጠፋ የሚቆጥር የራሱ ሰዓት የለውም። ይህን ለማካካስ «ፌክ-ኤችደብልዩክሎክ» የሚባለው ፕሮግራም ሰዓቱን በየጊዜው በ/ኢቲሲ/ፌክ-ኤችደብልዩክሎክ.ዳታ ውስጥ እየጻፈ ቡት ላይ ከዚያ ያነበዋል። /ኢቲሲ ተነባቢ ብቻ ከሆነ ጀምሮ ፋይሉ በዚያ ቀን ላይ ስለቆመ መሣሪያው በተነሣ ቁጥር ወደዚያው ቀን ይመለሳል። ኢንተርኔት ሲገኝ ታይምሲንክዲ ያስተካክለዋል፤ ኢንተርኔት በሌለበት ቀን ግን የውሰት መዝገቡ ሁሉ የተሳሳተ ቀን ይይዛል፤ ለቤተ መጻሕፍት ደግሞ የመመለሻ ቀን ዋናው ነገር ነው። ፋይሉን ለዚህ ሲባል ወደ ተጻፊ ቦታ ማዛወር ይቻላል፤ ሆኖም ሰዓቱ መብራት በጠፋበት ቅጽበት ላይ ስለሚቆም ሌሊቱን ሙሉ መብራት ጠፍቶ ያደረ መሣሪያ ጠዋት ሲነሣ ትናንት ማታ ነው ይላል። እኔ የምመክረው ዲኤስ3231 የተባለውን ባትሪ ያለው አነስተኛ የሰዓት ሞጁል በጂፒአይኦ ፒኖቹ ላይ ማያያዝ ነው። በ/ቡት/ፈርምዌር/ኮንፊግ.ቴክስት ውስጥ «ዲቲኦቨርሌይ=አይ2ሲ-አርቲሲ,ዲኤስ3231» የሚል መስመር ያስገቡና ፌክ-ኤችደብልዩክሎክን ያራግፉ፤ አለበለዚያ ሁለቱ ሰዓት አዋቂዎች እርስ በርስ ይጋጫሉ። ራስፕበሪ ፓይ 5 በቦርዱ ላይ ሰዓት አለው፤ ባትሪው ግን ተለይቶ መገዛት አለበት።

የሎግሮቴት ነገር ይህ ነው። የሎግሮቴት ታይመር «ፐርሲስተንት» የሚል ምልክት አለው፤ መሣሪያው ተዘግቶ ሳለ ያለፈው ቀጠሮ ካለ ሳይዘገይ እንዲፈጸም ያዝዛል። ሲስተምዲ የመጨረሻው ቀጠሮ መቼ እንደተፈጸመ የሚያውቀው በ/ቫር/ሊብ/ሲስተምዲ/ታይመርስ ሥር ካለው የስታምፕ ፋይል ቀን ነው። ያ ቦታ ተነባቢ ብቻ ሲሆን ቀኑ አይታደስም፤ ስለዚህ ሰዓቱ በኢንተርኔት ተስተካክሎ ወደ እውነተኛው ቀን በዘለለ ቁጥር ሲስተምዲ ቀጠሮ አልፎኛል ብሎ ሎግሮቴትን ያስነሣዋል፤ ሎግሮቴት ደግሞ የራሱን ማስታወሻ በ/ቫር/ሊብ/ሎግሮቴት መጻፍ ስለማይችል ይወድቃል። ሎጎቹ ራም ላይ ሆነው በየሪቡቱ ከጠፉ የሚያዞራቸው ሰው አያስፈልግም፤ «ሲስተምሲቲኤል ማስክ ሎግሮቴት.ታይመር» ብለው ይዝጉት። አፕት-ዴይሊ፣ አፕት-ዴይሊ-አፕግሬድ እና ማን-ዲቢ የሚባሉትም ታይመሮች ተነባቢ ብቻ በሆነ ሥርዓት ላይ መጻፍ የማይችሉት ነገር ስለሆነ አብረው ይዘጉ። ሎግሮቴት ከተዘጋ ግን የኢንጂንኤክስን የአክሰስ ሎግ «አክሰስ_ሎግ ኦፍ» ብለው ያጥፉት፤ 32 ሜጋባይቱን ቀድሞ የሚሞላው እርሱ ነው። ጆርናሉንም በ/ኢቲሲ/ሲስተምዲ/ጆርናልዲ.ኮንፍ ውስጥ «ስቶሬጅ=ቮላታይል» እና «ራንታይምማክስዩዝ=24ኤም» በማለት በ/ራን ላይ ይወስኑት።


ጠያቂ፦ የንባብ ክፍል

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በመጀመሪያ የከርነሉን ሎግ ፈተሽኩ፤ የብልሽት መልእክት የለም፤ የሪከቨሪ መስመሩም በየቡቱ አይታይም። ሦስቱን የቴምፕኤፍኤስ መስመሮችና የቴምፕፋይልስ ፋይሉን አስገብቼ አርሲ.ሎካልን ባዶ አደረግሁት፤ አሁን ሶኬቱን ነቅዬ ብመልስም ኢንጂንኤክስና ዲኤንኤስማስክ ሳይወድቁ ይነሣሉ፤ ታይመሮቹን ዘግቻለሁ፣ ዳታቤዙንም ወደ ዩኤስቢ ዲስኩ አዛውሬዋለሁ። የሰዓት ሞጁሉን የሚሸጥ ሱቅ እየፈለግሁ ነው።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። የደኅንነት ማሻሻያዎችን ለመጫን ሩቱን ተጻፊ አድርጌ አፕት አፕግሬድ ካስኬድኩ በኋላ ወደ ተነባቢ ብቻ ልመልሰው ስል «ማውንት ፖይንት ኢዝ ቢዚ» ይለኛል። በመሣሪያው ላይ የምጽፈው ነገር አልነበረም። በተጨማሪም ይህንኑ ካርድ ቀድቼ ለሌላ ትምህርት ቤት ብሰጥ የሚያስከትለው ችግር ይኖራል?


መልስ፦ ባለ ተርሚናል

አፕግሬድ ሲደረግ አሮጌዎቹ ላይብረሪዎች ከማውጫቸው ይሰረዛሉ፤ የሚጠቀሙባቸው ሰርቪሶች ግን ፋይሎቹን ክፍት አድርገው እንደያዙ ይቀጥላሉ። ከርነሉ እነዚህ ፋይሎች የያዙትን ቦታ ሰርቪሶቹ ሲለቋቸው ማስመለስ ስላለበት፣ ይህም መጻፍ ስለሆነ፣ ወደ ተነባቢ ብቻ ለመመለስ እምቢ ይላል። «ኤልኤስኦኤፍ +ኤል1» ቢሉ ተሰርዘው ክፍት የቀሩትን ፋይሎችና የያዟቸውን ፕሮግራሞች ያሳይዎታል፤ አንድ በአንድ ሪስታርት ማድረግ ይቻላል፤ ይሁን እንጂ የሲስተምዲ ወይም የዋናው ሲ ላይብረሪ ማሻሻያ ካለበት ሪቡት ማድረግ አጭሩ መንገድ ነው። ሪቡቱን በተማሪዎች ሰዓት አያድርጉት፤ ማሻሻያውንም መብራቱ አስተማማኝ በሆነበት ጊዜ ወይም መሣሪያውን በፓወር ባንክ ላይ አድርገው ይጫኑት፤ ሩቱ ተጻፊ የሚሆንበት ጊዜ ይህ ብቻ ስለሆነ ካርዱ ለአደጋ የሚጋለጠውም በዚህ ሰዓት ነው።

ስለ ቅጂው፦ ከመቅዳትዎ በፊት በ/ኢቲሲ/ኤስኤስኤች ሥር ያሉትን የሆስት ቁልፎች (መሣሪያው በኤስኤስኤች ማንነቱን የሚያረጋግጥባቸውን) ያጥፉ፣ /ኢቲሲ/ማሽን-አይዲን ባዶ ፋይል ያድርጉ፣ /ቫር/ሊብ/ሲስተምዲ/ራንደም-ሲድንም ይሰርዙ፤ ያለዚያ ሁለቱ መሣሪያዎች አንድ ዓይነት ምሥጢር ይዘው ይቀራሉ። አዲሱ ካርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ ሩቱ ተጻፊ መሆን አለበት። ማሽን-አይዲ ባዶ ሆኖ ሩቱ ተነባቢ ብቻ ከሆነ ሲስተምዲ በ/ራን ላይ ጊዜያዊ መለያ ፈጥሮ ስለሚቀጥል ስሕተት አያሳይም፤ መለያው ግን በየቡቱ ይለዋወጣል። ኤስኤስኤች ደግሞ ያለ ሆስት ቁልፍ ጭራሽ አይነሣም። ስለዚህ አንድ ጊዜ በተጻፊነት አስነሥተው «ኤስኤስኤች-ኪጅን -ኤ» በማለት ቁልፎቹን ይፍጠሩ፣ ማሽን-አይዲው መሞላቱን በ«ካት» ይመልከቱ፣ ከዚያ በኤፍኤስታብ «አርኦ» የሚለውን መልሰው ካርዱን ያስረክቡ።